ሎሚ ሎሚ የምትለው ጽጌረዳ

አፍንጫዋ እንደማንኛችንም አፍንጫ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ዓይኗን ሸፍነው አርባ ዓይነት ጽጌረዳ ቢደረድሩላት አርባውንም በየስማቸው ትጠራለች። አባቷ የችግኝ ጣቢያው ባለቤት ናቸው። ሚስታቸውን በቀበሩ በዓመቱ የያዛቸው ክፉ ጉንፋን ማሽተት የሚባለውን ነገር ይዞባቸው ስለሄደ፣ የትኛው ችግኝ መዓዛ እንዳለው፣ የትኛው መልክ ብቻ እንደሆነ የሚያውቁት በልጃቸው ነው። ስሟን ከተዉት ቆዩ። «አፍንጬ» ነው የሚሏት። ሠራተኛውም፣ ደንበኛውም፣ የጭነት መኪናው ሾፌርም እሳቸውን ሰምቶ አፍንጬ ይላታል።

እና ይቺ አፍንጬ፣ በዚያ ብርዳም ማክሰኞ ጠዋት፣ በችግኝ መደቦቹ መሀል ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች። የምትወደው ሰው ዛሬ ይመጣል። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ቀን የቆጠረችለት ሰው! ሌላ ሴት ብትሆን ፀጉሯን ስትሠራ ታነጋ ነበር። እሷ ግን ቅናት አንጀቷን እያሳረራት ነው ያነጋችው።

ነገሩን ለማታውቁት ከሥሩ ላጫውታችሁ። ሰውየውን ሁሉም «ቆለኛው» ይለዋል። በአንዲት ሞቃት ትንሽ ከተማ የመናፈሻ አትክልተኛ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሙያ ሊማር እዚህ ደጋ መጥቶ ስድስት ወር ሠርቷል። ሲመጣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ፣ ሠራተኛው ሁሉ የሚስቅበት ልጅ ነበር። እጁ ግን! ቆርጦ የተከለው ሁሉ ይጸድቃል። አፍንጬ መጀመሪያ የወደደችው እጁን ነው። እጁን ስታይ ስታይ አንድ ቀን ቀና ብትል ከዓይኑ ጋር ተገጣጠመች፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ሌላ ሆነ።

አባት ሲሰሙ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆሙት። «ሠላሳ ዓመት የለፋሁበትን ቤት ጥላ፣ ከመናፈሻ ውኃ አጠጪ ጋር ሐሩር ውስጥ ልትኖር?» አሉ። ቆይተው፣ ቆይተው ሲበርዱ ግን አንድ ነገር አመጡ። በቢሮው በር አጠገብ ሟች ሚስታቸው የተከሏት የጽጌረዳ ቁጥቋጦ አለች። ፈዛዛ ሮዝ ናት፣ ዓመቱን ሙሉ ታብባለች፣ ቅርንፉድና ማር ትላለች። የደጋ ልጅ ስለሆነች ትንሽ ሙቀት ሲነካት ቅጠሏን ታራግፋለች።

«ከሷ ቆርጦ ይውሰድ» አሉ አባት። «እዚያ ቆላ አጽድቆ፣ አብባ፣ ሽታዋን ሳትጥል በዓመት ከመንፈቅ ይዞልኝ ከመጣ፣ የደጋ ልጅ ማኖር ያውቅበታል ማለት ነው። ካልሆነ ይቅርብኝ። ፈራጇ አንቺ ነሽ። እኔ አፍንጫ የለኝም።»

እስኪ አስቡት! ራሷ ተፈላጊ፣ ራሷ ዳኛ። አባት ግን አልሰጉም፤ ልጃቸው በአበባ ነገር ዋሽታ አታውቅም።

ቆለኛው ሰባት ቅርንጫፍ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ። ደብዳቤ ጀመረ። «ሦስቱ ደረቁ፣ አራቱ ጸደቁ፤ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ በሚያገኙበት በምሥራቅ በኩል ተከልኳቸው።» እንዲህ እያለ ይጽፋል፣ እሷም «እሷ ከሞተች እኔም እንደሞትኩ ቁጠረው» እያለች ትመልሳለች። በአራተኛው ወር ከደብዳቤው ጋር ፈዛዛ ሮዝ የአበባ ቅጠሎች መጡ። ቅርንፉድና ማር! ፖስታውን ትራሷ ሥር አድርጋ ስንት ቀን እንደተኛችበት እሷ ታውቃለች።

ከዚያ በኋላ ነው ፋርማሲስቷ የመጣችው።

በአንዱ ደብዳቤ «እዚህ ያለችው ፋርማሲስት ደግ ሰው ናት» አለ። ይሁን። በሌላው «ፋርማሲስቷ ግቢ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሙቀት የማይፈራ ቢጫ ጽጌረዳ አለ» አለ። በሦስተኛው ስለ አራቱ ችግኞች አንድም ቃል የለም፤ «ዛሬም ፋርማሲስቷ ጋ ነበርኩ» አለ እንጂ። ችግኝ አድርሶ የተመለሰው ሾፌር ደግሞ ሳይጠየቅ «ቆለኛውማ መድኃኒት ቤቱን ቤቱ አድርጎታል፤ ሴትየዋም ብትሆን ቆንጆ ናት፣ ምን ይደረግ!» ብሎ እየሳቀ ሄደ። እሱ ይስቃል። እሷ የዚያን ቀን አንድ መደብ ሙሉ ችግኝ ሥሩን ወደ ላይ ተክላ ተገኘች።

የመጨረሻው ፖስታ ከሁለት ወር በፊት መጣ። ውስጡ ኪኒን የሚታሸግበት ትንሽ የወረቀት ከረጢት አለ። በላዩ በሚያምር የሴት እጅ ጽሑፍ «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ይላል፣ ከጎኑ ትንሽ አበባ ተሥሏል። ከረጢቱ ውስጥ የደረቁ የአበባ ቅጠሎች አሉ። ቆለኛው ደግሞ «አሽትተሽ ምን እንዳገኘሽ ጻፊልኝ» ብሏል። አሸተተች። ቅርንፉድ የለም። ማር የለም። ሎሚ ሎሚ ይላል። ከላዩ ደግሞ የመድኃኒት ቤት ሽታ አለበት።

መልስ አልጻፈችም። ያንን ከረጢት ግን መቶ ጊዜ አወጣችው፣ መቶ ጊዜ መለሰችው። የዚያችን ሴት የእጅ ጽሑፍ ፊደል በፊደል አጠናችው። አበባ የምትሥል ሴት፣ ምን ፈልጋ ነው የምትሥለው?

«መጣ!» አለች እትዬ። እትዬ አፈርና ፍግ ቀያጮችን የምታዝ፣ አፍንጬን ከእናቷ ሞት በኋላ ያሳደገች ሴት ናት። «ፊትሽን ፍቺው እንጂ! ሰውየው አውቶቡስ ላይ አድሮ ነው የሚመጣው።»

«እዚያም ያደረበት ቤት አይጠፋም» አለች አፍንጬ።

«ኧረ ባክሽ! አየሽው?»

«አላየሁም። አሸተትኩ።»

«ጉድ ነው!» አለች እትዬ፣ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ።

ቆለኛው በበሩ ገባ። ብርዱ ፊቱን አጨማዶታል። በስስ ሸሚዝ ነው ያለው። ሹራቡን ያለበሰው ደረቱ ላይ ላቀፈው የችግኝ ማሰሮ ነው። አፍንጬ ይህንን ስታይ ልቧ ስንጥቅ አለ። ሮጣ ሁለቱንም፣ ሰውየውንም ማሰሮውንም፣ ብታቅፋቸው ወደደች። ዓይኑን ፈለገች፤ እሱም የሷን ፈልጎ አገኘው፣ ሳቀም። ሳቁ ደስ ሲላት፣ ይህንኑ ሳቅ በየቀኑ የምታይ ሴት እዚያ እንዳለች ትዝ አላት። ፊቷን መለሰች።

አባት በከዘራቸው ወጡ። ቆለኛው ሹራቡን ገፈፈ። አንዲት ፈዛዛ ሮዝ አበባ፣ ሁለት እንቡጥ።

«መልኳስ እሷን ትመስላለች፣ ትንሽ ገርጥታለች እንጂ» አሉ አባት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር...»

«ዝም!» አሉ፣ ከዘራቸውን አንስተው። «ረሳኸው እንዴ? መጀመሪያ አፍንጫ፣ ከዚያ አፍ።»

የቤቱ ሥርዓት ነው። አበባ ሳይሸተት ስለሱ ማንም አይናገርም፤ ወሬ አፍንጫን ያበላሻል ይላሉ። ሌላም ሥርዓት አለ። ፀሐይ ያልነካው አበባ አይፈረድበትም፤ በብርድ ሽታው ውስጡ ተኮማትሮ ይቀራል፣ የሚወጣው ከላይ ያለው ብቻ ነው። ይህን ሁለተኛውን ለሠራተኛው ሁሉ የምታስተምረው ራሷ አፍንጬ ናት። በዚያ ጠዋት ግን ውርጩ ገና ከመደቦቹ ላይ አልተነሳም፣ አበባዋ ስትነካ እንደ ቧንቧ ውኃ ትቀዘቅዛለች። አፍንጬ አጎንብሳ አሸተተች።

ሎሚ።

ያው ሎሚ! ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ።

«አይደለችም» አለች።

«ደግመሽ አሽትቺ» አሉ አባት። ድምፃቸው እንደተመኙት አልሆነም፤ ለካ እሳቸውም በሆዳቸው ቆለኛው እንዲሳካለት ፈልገው ነበር።

«አይደለችም አልኩ እኮ አባዬ! የእማዬ አይደለችም። የሌላ ሴት ጽጌረዳ ናት።» ከዚያ ወደሱ ዞረች። «ለባለቤቷ መልሰህ ውሰድላት። ቀዝቃዛ ቦታ ታስቀምጥልህ።»

ቆለኛው አያት። ማሰሮውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ።

«ጋሼ፣ ፍርዱ ፍርድ ነው» አለ። ለሷ ደግሞ በዝግታ «አንቺ ያሸተትሽው አበባውን አይደለም» አላት። የስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ እስኪነሳ መናኸሪያ እንደሚጠብቅ ለእትዬ ነግሯት ወጣ። ሹራቡን እንኳ አላነሳም።

አፍንጬ አሸነፈች። ማሸነፍ እንዲህ ሆድ ባዶ እንደሚያደርግ ግን ማን ነግሯት!

ማሰሮውን ብስባሹ ክምር ላይ ልትጥለው አነሳችው። እጇ እምቢ አላት። የቂም ይሁን የምን፣ ሕያው ችግኝ መጣል አልለመደባትም። «ቆይ፣ በኋላ እጥልሻለሁ» አለቻትና ላስቲክ ቤት አስገብታ ከጠረጴዛው ጫፍ ወረወረቻት ማለት ይቻላል። ራሷ ጀርባዋን ሰጥታ ችግኝ ከትንሽ ማሰሮ ወደ ትልቅ ማዛወር ያዘች። እንባዋ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ አትጠርገውም። እዚያች መድኃኒት ቤት ውስጥ በሐሳቧ ትዞራለች። ነጭ ጋወን። ረጅም ጣቶች። «ዛሬም መጣህ?» የሚል ድምፅ። ቅናት የማያውቀው ቤት የለውም፣ በሌሊቱም በቀኑም ሰተት ብሎ ይገባል።

ረፋዱ ላይ ፀሐይ ላስቲኩን አገኘችው። አራት ሰዓት ሲሆን ቤቱ ሞቋል፣ አፍንጬም እጅጌዋን ሰብስባለች። ድንገት እጇ ባለበት ቀረ።

ቅርንፉድ።

የእማዬ ጽጌረዳ ውጭ ቢሮው በር ጋ ናት፣ መቶ እርምጃ ርቃ። እዚህ ድረስ አትሸትም። «አበድኩ» አለች ለራሷ። ቀጥሎ ማር መጣ። አላበደችም። ከጀርባዋ ነው።

ዞራ በጉልበቷ ተንበረከከች። አበባዋ ሙቀቱን አግኝታ ተፍታታለች። ፊት ለፊት ሎሚ አለ፣ አዎ። ከሎሚው ኋላ ግን ቅርንፉድ፣ ከቅርንፉዱ ኋላ ማር፣ ከማሩ ኋላ ደግሞ ስም የሌለው ያ የእናቷ አንገት ሽታ አለ። አፍንጬ አፏን በእጇ ያዘች።

ታርጋው! በዚህ ቤት እያንዳንዱ ማሰሮ የቆርቆሮ ታርጋ አለው፤ ደንበኛ እንዳይነካካው እስከ አፉ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ይህንንም ያስተማረችው እሷ ናት። ጠዋት ግን አላወጣችውም፣ በአፍንጫዋ ታምና! አፈሩን ቆፍራ ሳበችው። በሚስማር ተጭሮ ተጽፏል፤ እንደ ሥርዓቱ እናት ቀድማ።

«እናት፦ የእማማ ጽጌረዳ፣ የመጨረሻዋ አበባ። አባት፦ የመድኃኒት ቤቱ ቢጫ። ዘሯ ሰባ ቀን ፍሪጅ ውስጥ የከረመ።»

ገለበጠችው። «ስም፦ አፍንጬ ታውጣላት።»

ፍሪጅ! የጽጌረዳ ዘር ብርድ ካልቀመሰ አይበቅልም፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል፣ በዚህ ቤት። ደጋ ላይ ብርዱን ሰማዩ ይሰጣል። ቆላ ላይ ማን ይሰጣል? «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የተጻፈው ለዘሩ ነበር፤ ቅጠሎቹ የመጡላት በዘሩ ከረጢት ነው። አፍንጬ መላ ሰውነቷ በእፍረት ነደደ።

«ምን ተንበርክከሽ ታለቅሻለሽ?» አለች እትዬ ከበሩ። አፍንጬ ታርጋውን ዘርግታ መንገር ስትጀምር፣ ነገሩን በግማሽ ሰምታ ሙሉው ገባት። «አውቶቡስ እንባ ይጠብቃል? ተነሺ! ሹራቡንም ያዢለት፣ በብርድ ሞቷል!»

መናኸሪያው ጢም ብሏል። አፍንጬ ሽርጧን ሳታወልቅ፣ አንድ እጇ ላይ ጓንት፣ በሌላው ታርጋና ሹራብ ይዛ፣ ሰው እየገፋች ከአውቶቡሱ መስኮት ሥር ደረሰች። ቆለኛው ጥግ ይዞ ተቀምጧል። መስኮቱን በታርጋው ቆረቆረችው። ከፈተው።

«ሞታ ነበር?» አለችው፣ እያለከለከች።

«ሞታ ነበር። አራቱም። ሦስቱ በአንድ ሳምንት ሙቀት ሄዱ፣ አራተኛዋ ፍሬዋን እስክታደርስ ብቻ ቆየች።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እሷ ከሞተች እኔም እንደሞትኩ ቁጠረው ያልሽኝን ረሳሽው? ይህንን በየትኛው እጄ ልጻፈው? ለአራተኛዋ አንድ አበባ ነበር የቀራት። ሳትፈታ የአበባ ቅጠሏን ለቅሜ ላንቺ ላክሁ፣ መሀሏን የቢጫውን ብናኝ ቀባሁት። አንድ ፍሬ ያዘች። አሥራ አንድ ዘር ተገኘ። ሦስቱ በቀሉ፣ ሁለቱ አበባቸው ምንም አይሸትም። አንዷ ይቺው ናት።»

«ፋርማሲስቷስ?»

«መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ከተማ ጄኔሬተር ያላት እሷ ናት። ቤቷ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከእንቁላሏ ጎን አስቀመጠችልኝ። ከረጢቱ ላይ አበባ የሣለችው ቤተሰቧ ኪኒን መስሏቸው እንዳይውጡት ነው።»

አፍንጬ ልትስቅ ነበር፣ እንባዋ ቀደማት። ቢሆንም አላስቻላትም።

«ቆንጆ ናት?»

«ናት» አለ ቆለኛው።

«ወዳሃለች?»

«አልዋሽሽም። አንድ ቀን ‹ይህ ሁሉ ለአንዲት ሴት ነው?› አለችኝ። አዎ አልኳት። ‹ታድላ› አለችና ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ከዚያም በኋላ ግን ዘሩን አንድ ቀን ሳታይልኝ አልዋለችም።»

አፍንጬ ቅናቷ እንዳለ ነው፣ የትም አልሄደም። አጠገቡ ግን ያልጠራችው ሌላ ስሜት ተቀመጠ። ያችን ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ከመደርደሪያው ፊት ቆማ አየቻት፣ አሳዘነቻትም።

«እኔን ያመመኝ» አለ ቆለኛው «ፋርማሲስቷን መጠርጠርሽ አይደለም። ፀሐይ ሳይነካት መፍረድሽ ነው። እንዲህ አታድርግ ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ!»

«ቀናሁ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማት። «በቃ፣ ቀናሁ! ሁለት ወር ሙሉ ቅናት ነው ስበላ የከረምኩት። ልትሄድ ትችላለህ፣ መብትህ ነው። ሹራብህን ግን ልበስ።»

ሹራቡን በመስኮቱ አሾለከችለት። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ቆለኛው ሹራቡን አየ፣ እሷን አየ። አንዲት ተሳፋሪ እናት «አንተ ደረቅ፣ ውረድ እንጂ!» ብላ ትከሻውን ገፋችው። ወረደ። እጁን ያዘች፣ ያንን መጀመሪያ የወደደችውን እጅ፣ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል። በጓንቱ ብታሞቀው አልሞቅ አላት፣ ጓንቷን አወለቀች።

ሲመለሱ አባት ላስቲክ ቤት ውስጥ ወንበር አስመጥተው ከማሰሮዋ አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ፍርድሽን ቀየርሽ አሉ» አሏት።

«ቀየርኩ፣ አባዬ። ጠዋት ያሸተተው አፍንጫዬ አልነበረም።»

ቆለኛው «ጋሼ፣ የእማማ ጽጌረዳ ሞታብኛለች» አለ። «ጠዋት ልናገር የነበረው ይህንኑ ነው። ይቺ ልጇ ናት።»

አባት አላዩትም። ዓይናቸው አበባዋ ላይ ነው። «ምን ትላለች? እንዳለ ንገሪኝ። ሳትጨምሪ።»

አፍንጬ ዓይኗን ጨፈነች። «መጀመሪያ ሎሚ ትላለች። እሱ የአባቷ ነው። ከዚያ ቅርንፉድ። ከዚያ ማር። ከዚያ...» አበባዋን ወደ ፊቷ አስጠጋች። «ከዚያ እማዬ ናት፣ አባዬ። ፀጉሯን ታጥባ በረንዳ ላይ ስታደርቅ። ራሷ ናት።»

አባት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚስታቸውን ጽጌረዳ አሽትተው አያውቁም። ምንም እንደማያገኙ እያወቁ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን አበባዋ ውስጥ አደረጉት። ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ጉንጫቸው ርሷል፣ ማንም እንዳላየ ሆነ።

«እናትሽ ቆላ ወርዳ ሽታዋን ካልጣለች» አሉ ቆይተው «አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እትዬ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ አባት በከዘራቸው አስቆሟት። «ቆይ! ስም አላወጣንላትም።»

አፍንጬ ታርጋውን ሽርጧ ላይ ጠረገች፣ ከጠረጴዛው ላይ ሚስማር አንስታ ጫረችና ለቆለኛው ሰጠችው። «ቅናት» ይላል። ቆለኛው አንብቦ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፣ እየሳቀም እንባው መጣ።

«ለመሆኑ» አሉ አባት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የድሮ ድምፃቸውን እየፈለጉ «ያ ቤትህ ምን አለው? ምን ይጎድለዋል? ልጄን ባዶ ቤት አላስገባም። አልጋ ነው? ወንበር ነው?»

«አልጋውም ወንበሩም ይደርሳል» አለች አፍንጬ፣ ቆለኛው መልስ ከመስጠቱ በፊት። «መጀመሪያ ፍሪጅ።»

እትዬ በሳቅ ወደቀች። ቆለኛውም ሳቀ፣ አባትም ከስንት ዓመት በኋላ ከልባቸው ሳቁ። አፍንጬ ግን አልሳቀችም። የምሯን ነበር።